ባለቤቱ የጠፋ ዲስክ

(ለቤተ መጻሕፍትና ለማህደር ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሳውን ጥያቄ ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ስለ ስርቆት ላወራ ነው የመጣሁት። ስለ ሌላ ሰው አይደለም፣ ስለ ራሴ።

የሰፈራችን እድር ታሪኩን የሚያወጣ መጽሔት ሊያሳትም ሽር ጉድ ይል ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ቤቴ መጡ። ከፈትኩት። አስራ አንድ ፍሎፒ ዲስክ።

«ሁሉም እዚህ አለ» አሉኝ። «ቃለ ጉባኤው፣ መዋጮው፣ ማን መቼ እንዳረፈ። አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ?»

ከ1989 እስከ 1995 ያለው ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ወረቀቱስ ብዬ ጠየቅኩ። ወረቀቱ የተቀመጠበት ክፍል አንድ ክረምት ውሃ ገብቶበት በስብሶ ተጥሏል። ስለዚህ የእድራችን ሰባት ዓመት የቀረው ያ ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ነበር።

ፍሎፒ ማንበቢያ ከአንድ ወዳጄ ተዋስኩ። ከአስራ አንዱ ሰባቱ ተነበቡ፣ አራቱ ሞተዋል። ከሰባቱ አንዱን ፋይል ስከፍተው ግን አማርኛ የሚባል የለም። ኤክስ፣ ሁለት ነጥብ የተጫነባት ዩ፣ የማባዛት ምልክት፣ የፓውንድ ምልክት፣ እንደገና ኤክስ። ገጹ ሙሉ እንዲህ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩትና «ቫይረስ ገብቶበታል?» አሉኝ።

ቫይረስ አልነበረም። ከናንተ ውስጥ ዕድሜው አርባን ያለፈ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ያኔ ኮምፒውተር የኛን ፊደል አያውቅም። አንድ ቅርጸ ፊደል ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው፣ ከሱም ውስጥ ብዙው ቀድሞ ተይዟል። የኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ ሲቆጠር ሦስት መቶን ያልፋል። እና የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩት ሰዎች ዘዴ ዘየዱ። ፊደላችንን በላቲኑ ቤት ውስጥ አከራዩት። ኮምፒውተሩ «ኤክስ» ብሎ የሚይዘውን ቅርጸ ፊደሉ «አ» አድርጎ ያሳያል። አንዱ ቤት ሲጠብ ሁለትና ሦስት ቤት ላይ በተኑት። ብልህነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ጣጣው ሁሉም የየራሱን አከራይቶ መሆኑ ነው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። የዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚያገኝበት ዩኒኮድ የሚባል የጋራ ሠንጠረዥ አለ፤ ፊደላችን እሱ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው ከዚያም ዘግይቶ፣ ቪስታ ሲወጣ ነው፤ ኒያላ የምትባለዋን ቅርጸ ፊደል ታስታውሷታላችሁ። ከዚያ በፊት የተጻፈው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ጥሪ ሁሉ ያለው በነዚያ ሶፍትዌሮች ቋንቋ ነው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና… ይኸው፣ ስማቸውን ስጠራ ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። የእድራችን ፋይል የተጻፈበትን ግን ስሙን አልጠራውም።

እና ምን አደረግኩ? ድሮ ጽሕፈት ቤት የነበራቸውን እትዬን ፈልጌ ሄድኩ። ከመሳቢያ ውስጥ አንድ ሲዲ አወጡልኝ። ላዩ ላይ በማርከር «አማርኛ ሁሉም» ይላል። ክራክ የተደረገ ነው፣ ሳይከፍሉ እንዳይሠራ የሚያግደው ቁልፍ ተሰብሮለታል። የዛሬው ዊንዶውስ የዚያን ዘመን ባለ 16 ቢት ፕሮግራም አያስነሳም። ስለዚህ ላፕቶፔ ውስጥ ሌላ የውሸት ኮምፒውተር ከፍቼ፣ እሱ ላይ የድሮ ዊንዶውስ ጭኜ፣ እሱ ላይ ደግሞ ያንን ክራክ ጫንኩ። የድሮው ዊንዶውስ ፈቃድ የታለ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። ከ«ሀ» ጀምሬ እያንዳንዱን ፊደል እየመታሁ የትኛው ቁጥር ላይ እንደተቀመጠ መዘገብኩ። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ የምትለውጥ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። መጀመሪያ የተነበበው ገጽ ሳይነግሩ ስለቀሩ አባላት ነበር። አምስት አምስት ብር እንዲቀጡ ተወስኗል። ጋሼ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሲወርዱ ሦስተኛው ላይ የገዛ ስማቸውን አገኙት። «ይሄማ ውሸት ነው፣ ያን ቀን ታምሜ ነበር» አሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። ሌባ ነኝ ወይስ አይደለሁም?

ሕጉን ከጠየቃችሁት አያመነታም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ጥበቃው ሠሪው በሕይወት እስካለ፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ነው። ሕጋዊ ቅጂ በእጁ ያለ ሰው ለመጠባበቂያ አንድ እንዲያስቀር ይፈቀድለታል። ሕጋዊ ቅጂ ያለው ነው ያልኩት፣ በማርከር የተጻፈበት ሲዲ ያለው አላልኩም። «የተተወ ሶፍትዌር» የሚል አንቀጽ የለም። አሜሪካም የለም። እዚያ እንዲያውም በድርጅት የተሠራ ሥራ ከወጣ በኋላ 95 ዓመት ይጠበቃል። «አባንደንዌር» የሚሉት ቃል የድሮ ጌም ወዳጆች ያወጡት ስም ነው፣ ዳኛ ፊት አይቆምም። ፍሎፒ ዲስክ ግን 95 ዓመት አይጠብቅም። የኛዎቹ አራቱ ሠላሳ ሳይሞላቸው ነው የሞቱት።

ባለቤትነት እንዴት እንደሚጠፋ አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ዎርድስታር የሚባል የመጻፊያ ፕሮግራም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ በኮምፒውተር ጽሑፍ መጻፍ ማለት ለብዙ ሰው እሱ ነበር። ማይክሮፕሮ የሚባል ድርጅት ነው የሠራው። ማይክሮፕሮ ኋላ ስሙን ዎርድስታር ኢንተርናሽናል አለ። በ1994 ሶፍትኪ ከሚባል ጋር ተቀላቀለ። ሶፍትኪ ለርኒንግ ካምፓኒን ገዛና የገዛውን ድርጅት ስም ለራሱ አደረገ። በ1999 ለርኒንግ ካምፓኒን ማን ገዛው? ማቴል። ማቴልን ታውቁታላችሁ፣ የባርቢ አሻንጉሊት ባለቤት ነው። ደራሲዎች ልብ ወለድ የሚጽፉበት ፕሮግራም የአሻንጉሊት ኩባንያ ጓዳ ገባ ማለት ነው። ማቴልም በዓመቱ ከስሮበት አራገፈው፣ ሌላው ወሰደው፣ ከሌላው ሌላው። ወራሹ በዝቶ ቁልፉ የጠፋበት የውርስ ቤት በሉት።

ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ላይ የሚሠራው የዎርድስታር የመጨረሻ ዕትም፣ 7.0፣ የወጣው በ1992 ነው። የሚሸጠው የለም፣ የሚያድሰው የለም። ግን ዛሬም የሚጽፉበት አሉ። አንዱ ካናዳዊው ደራሲ ሮበርት ሶየር ነው። በነሐሴ 2024 ሶየር ፕሮግራሙን ከነመመሪያ መጽሐፎቹ፣ በዛሬ ኮምፒውተር ላይ ከሚያስነሳው መሣሪያ ጋር ጠቅልሎ ለፈለገ ሁሉ በነፃ ለቀቀው። ባለቤት ነኝ ባይ ወጥቶ እስኪፈቅድለት አልጠበቀም። እኔ እዚህ ላይ ልቤ ከሱ ጋር ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ልሽጥልህ ካላለው፣ ከማን ኪስ ወሰደ?

ግን ቶሎ አናጨብጭብ። ሲስተም ሾክ 2 የሚባል ጌም አለ። የሠራው ድርጅት በ2000 ተዘጋ። ጌሙ ከገበያ ጠፋ፣ ሰዉ «ባለቤት የለውም» እያለ ሲቀዳው ኖረ። ስቲቨን ኪክ የሚባል ሰው ግን ጠየቀ። መብቱ አንድ የመድን ድርጅት እጅ ላይ ተገኘ። የመድን ድርጅት! ኪክ ጻፈላቸው፣ እነሱም መለሱለት፣ ተስማሙ። በ2013 ጌሙ በሕጋዊ መንገድ ገበያ ላይ ተመለሰ። እና ያ ሁሉ «ባለቤት የለውም» የሚል ሰው በር ሳያንኳኳ ነበር የሚያወራው።

ያው ሰውዬ በሌላ ጌም ላይ ደግሞ ሦስት ትልልቅ ኩባንያ በር አንኳኩቶ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። መብቱ የማን እንደሆነ የሚያረጋግጥለት አላገኘም። ዝም ብሎ ቢያወጣው ደግሞ ክስ አለ። ስለዚህ መጠየቅ ሁሌ ይሠራል አልላችሁም። ሳይጠይቁ «ተትቷል» ማለት ግን ፍርድ አይደለም፣ ምኞት ነው።

ቪዚካልክን ልጨምርና ከውጭዎቹ እንውጣ። የኤክሴል ቅድመ አያት ነው፣ ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን በ1979 ያወጡት። በ1981 ለአይቢኤም ፒሲ የወጣው ቅጂ 27,520 ባይት ነው። በስልካችሁ ከምታነሱት አንድ ፎቶ መቶ ጊዜ ያህል ያንሳል። በኋላ ብሪክሊን ሰው እንዲሞክረው ድረ ገጹ ላይ ሊያስቀምጠው ፈለገ። የተሸጡት ዲስኮች ኮፒ እንዳይደረጉ ታስረዋል። ያዳነው ምን መሰላችሁ? የድርጅቱ ሠራተኛ የነበረ አንድ ሰው እስሩ የሌለበትን የመሞከሪያ ቅጂ አስቀርቶ ኖሯል። በደንቡ ከሄድን ያ ቅጂ መኖር አልነበረበትም። ብሪክሊን ግን ሠሪው ራሱ ሆኖም ቢሆን ዝም ብሎ አልለቀቀውም፣ መብቱን የያዘውን ሎተስ የተባለ ድርጅት አስፈቅዶ ነው። ያዳነው ደንብ አፍራሽ ነው፣ ለሕዝብ ያደረሰው ፈቃድ ነው። እኔ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ይሄኛው ወሬ ትንሽ ያማል።

ፈረንጆቹ ስለዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ወንጀለኛው ሁሌ ትልቁ ኩባንያ ነው። ገንዘቡን በልቶ፣ ሥራውን ጓዳ ወርውሮ፣ ሌላውም እንዳይነካው የከለከለ። የኛ የአማርኛ ሶፍትዌር ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። የኛዎቹ ሠሪዎች ማቴል አልነበሩም። ትንንሽ ቢሮ ያላቸው፣ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠሩ፣ ማታ ፊደል ሲቀርጹ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ዋጋ አውጥተው ሸጡ። እኛስ?

እኔ በ1993 አንድ ኮምፒውተር ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በኛ አቆጣጠር ነው። ሥራዬ ፎርማት ማድረግና «አማርኛ መጫን» ነበር። ደንበኛ ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ከአንዲት ሲዲ ላይ እጭንለታለሁ፣ ሃምሳ ብር ይከፍላል። በቀን ሦስት የምጭንበት ጊዜ ነበር። ከሃምሳ ብሩ ለሠሪው ስንት ደረሰ? ዜሮ። ማሰቡም አልመጣብንም። ማይክሮሶፍትን ስንቀዳ ቢያንስ «ቢሊየነር ነው፣ ምን ይጎዳዋል» እንል ነበር። የኛን ስንቀዳ እሷን ማመካኛ እንኳ አላስፈለገንም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ንቀናቸው ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ «ሠሪው ትቶት ሄደ» ብዬ ለመናገር ስነሳ አፌ ይያዛል። ዩኒኮድ ሲመጣ ገበያቸው መድረቁ አይቀርም ነበር፣ እውነት ነው። ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ዳቦውን የነጠቅኩት እኔ ነኝ። አንድን ሰው አስርቦ ካባረሩ በኋላ ቤቱ ገብቶ «ወና ነው» ማለት ነውር ነው። የተተወ ሶፍትዌር ስንል ሁለት ዓይነት አለ፣ ሕጉ አይለያቸው እንጂ። ባለቤቱ የተወው አለ። እኛ ያስተውነው አለ።

ከማህደር ሰዎች ጋር ስሆን ሁሌ የምትነሳ ነገር አለች። «የኛ አባቶች መጽሐፍ ሲገለብጡ ማንን አስፈቀዱ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። የተረፈው ቁም ጸሐፊ ቁጭ ብሎ፣ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ ደጋግሞ ስለገለበጠው ነው። ጀምስ ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ ይዟቸው የተመለሰውም እዚህ የተገለበጡትን ቅጂዎች ነው። መገልበጥ ጽድቅ ነበር።

ግን የመጽሐፎቹን መጨረሻ ገጽ ያያችሁ ሰዎች አንዲት እርግማን ታውቃላችሁ። «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን። እንግዲህ አስተውሉ፣ የገለበጠው አይልም። የሰረቀው፣ ማለት አንዱን መጽሐፍ ካለበት ይዞ የሄደ። የፋቀው፣ ማለት የባለቤቱን ስም ፍቆ የራሱን የጻፈበት። ብራና ላይ የተፋቀ ስም አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ቦታው ሳስቶ፣ ጠቁሮ፣ ላዩ ላይ የሌላ ሰው ስም በሌላ እጅ ተጽፎ።

ይቺን ነገር ያነሳኋት ወድጄ አይደለም። እትዬ የሰጡኝን ሶፍትዌር እንዳስነሳሁት ማን እንደሠራው የምትገልጸውን ትንሽ መስኮት ከፈትኩ። የሠሪው ስም የለም። በቦታው አንድ የቅጽል ስም አለ፣ ክራክ ያደረገው ልጅ ስም፣ ሳቂታ ፊት ተደርጎበት። ተፍቋል ማለት ነው።

ተመልሼ እትዬ ጋ ሄድኩ። ኦሪጂናሉ የለም ወይ አልኳቸው። አንድ ሳምንት ፈልገው አንዲት ፍሎፒ አገኙ። እሳቸው ገዝተውት ኖሯል! በዘመኑ ከፍለው የገዙ ሰው ማየቴ ነው። ዲስኳ አትነበብም። ላዩዋ ላይ ያለው ወረቀት ግን አለ። የሠሪው ስም፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥርና ስልክ። ስልኩ ባለ ስድስት አሃዝ ነው።

ስድስት አሃዝ! ልጆቹ ላይገባችሁ ይችላል። የአዲስ አበባ ስልክ ድሮ ስድስት አሃዝ ነበር፣ በኋላ ፊቱ ላይ አንድ ቁጥር ተጨመረለት። ቁጭ ብዬ ከፊቱ እየቀያየርኩ መደወል ጀመርኩ። አንዱ «የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ የለም» ይላል። አንዱ ፋክስ ነው፣ ጆሮዬን በጩኸት በሳው። አንዱ ኬክ ቤት ሆነ። ልጅቷ ሶፍትዌር የሚለውን ስትሰማ «ሶፍት የለንም፣ የጾም ኬክ ግን አለ» አለችኝ። ሰውዬውን አላገኘሁትም። በሰው በሰው እያስጠየቅኩ ነው፣ ውጭ ሄዷል የሚሉ አሉ። ስሙን ዛሬ ያልጠራሁትም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ከሱ ጋር ሳልነጋገር በሰው ፊት ላነሳው ደስ አላለኝም።

እናንተ የማህደር ሰዎች ከኔ የምትፈልጉት የትኛው ይፈቀዳል የሚለውን መሆኑ ይገባኛል። እኔ ሕግ አዋቂ አይደለሁም፣ የምሠራበትን ነው የምነግራችሁ። ገበያ ላይ ያለውን አልነካም። የማይሸጠውን፣ ፋይል ለማንበብ ከሆነ እቀዳዋለሁ፣ እንቅልፍም አይነሳኝም። ልጆቻችን የ1985 ጌም ቤታቸው ቢጫወቱም ግድ የለኝም። ሲዲ ላይ ጭኖ የሚሸጥ ግን የድሮው እኔ ነው፣ እሱን አውቀዋለሁ። ለሕዝብ መልቀቅ ላይ ስደርስ እፈራለሁ። ሶየርን አጨብጭቤለት የኔን ሶፍትዌር ኢንተርኔት ላይ አለመልቀቄ እርስ በርሱ ይጋጫል ብትሉኝ እቀበላለሁ። ልዩነቱ ከዎርድስታር ባለቤት ላይ እኔ ዳቦ አልነጠቅኩም።

ለተቋማት ግን በር መከፈት አለበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ከገበያ የወጣን ሶፍትዌር ለማቆየት ቁልፉን እንዲሰብሩ ፈቅዳለች። በጌም ላይ ግን ተመራማሪ ቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት ይየው ሲባል በ2024 እምቢ አሉ። ያውም በ2023 በተደረገ ጥናት፣ እዚያ ከ2010 በፊት ከወጡ የድሮ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ እንደሌሉ ከታየ በኋላ። እኛ አገር ይሄ ክርክር ገና አልተጀመረም። የመሥሪያ ቤቶቻችን ምድር ቤት ውስጥ ስንት የብስኩት ቆርቆሮ እንዳለ ግን እናንተ ከኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ።

ያን ሶፍትዌር አሁን እንዴት እንዳስቀመጥኩት ልንገራችሁና ላብቃ። አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። አብሮት የዲስኩ ወረቀት ፎቶ አለ፣ ስሙ በትክክል የሚነበብበት። ሲነሳ ያ የቅጽል ስም የሚመጣበትን መስኮትም አስተካክዬ የሠሪውን ስም መልሼበታለሁ። ይህም ያለ ፈቃድ ነው፣ በሕጉ ሌላ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ባለፈው ወር ሁለት ሰው ፋይል እንዳነብላቸው መጥተው አንብቤላቸዋለሁ፣ ገንዘብ አልተቀበልኩም። ሶፍትዌሩን በፍላሽ ስጠን ሲሉኝ ግን አልሰጠሁም።

በዚህ አበቃሁ። ከኋላ አንድ ወጣት እጁን አወጣ።

«ሰውዬው ነገ ቢመጣስ?» አለኝ። «በ1993 ስንት ኮምፒውተር ላይ ጫንክ ቢልህ?»

ቆጥሬዋለሁ አልኩት። አሠሪዬ ደብተር ነበረው፣ እኔም የራሴን ኮሚሽን ስለምይዝ ትዝ ይለኛል። ወደ ሁለት መቶ ይጠጋል። ይምጣ፣ ቁጭ ብለን እንተሳሰባለን። የምከራከረው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሂሳቡ በ1993 ብር ይሁን ወይስ በዛሬው በሚለው።